ለሩዎላንና ለእኔ የተገዛው ማከማቻ

ኪሎንግ ወደብ አጠገብ፣ ከአንድ የዓሣ ሾርባ ቤት በላይ ባለ ስቱዲዮ፣ ሁለት የቪዲዮ ኤዲተሮች ነበርን፤ እኔ ዪሼንግና ሩዎላን። እሷ በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍል ይዛለች፣ እኔ የጓሮውን። ስለ ወደቡ ዓሣ አጥማጆች ዘጋቢ ፊልም እየሠራን ነበር። ቀረጻው ሁሉ ያለው በአንድ ዲስክ ላይ ስለሆነ፣ ሩዎላን የድርሻዋን ስትጨርስ ነቅላ ታመጣልኛለች። ወደ እኔ ኮምፒውተር እስኪገለበጥ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። እሷ ታዲያ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ በአኩሪ አተር መረቅ የተቀቀለ እንቁላል እየበላች፣ ስለ አባቷና ስለ ትውልድ ከተማዋ ስለ ሁዋሊየን ባሕር ታወራኛለች። እኔ ብዙም አልናገር። መስማቱ ይበቃኝ ነበር።

አንድ ቀን ሳላስተውል የእኔን ሥራ በእሷ ሥራ ላይ ገለበጥኩት። የሦስት ቀን ልፋቷ ጠፋ።

«ሦስት ቀን፣ ዪሼንግ! ዓይኔ እስኪጠፋ የሠራሁትን!» ብላ ጮኸች።

የስቱዲዮው ባለቤት፣ ሁላችንም አጎት የምንላቸው ጁዋንግ፣ ጩኸቷን ሰምተው መጡ። «እናንተ ዲስክ ስታመላልሱ ዓሣ አጥማጆቹ አርጅተው ያልቃሉ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ዕቃ ታውቃለህ፤ ምን ይሻለናል?»

«ፈጣን የጋራ የፋይል ማከማቻ ይግዙልን። ከሁለቱም ኮምፒውተር ጋር በኬብል ይገናኛል። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ከዚያው ላይ እንሠራለን» አልኳቸው።

ገዙት። ግድግዳውን የበሳሁት እኔ ነኝ፤ ኬብሉንም በኮሪደሩ ጣሪያ ያሳለፍኩት እኔው ነኝ። ማከማቻው እኔ ክፍል ተቀመጠ።

«ወዲያው ተከፈተልኝ! አንተ ጎበዝ!» ስትል ሩዎላንን ከወዲያ ማዶ ሰማኋትና ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ግን ሩዎላን ወደ ክፍሌ የምትመጣበት ጉዳይ አልነበራትም። ቆርጣ ያቀናበረችው ትዕይንት እሷ እንዳስቀመጠችው እኔ ጋ ይታያል። «አሥራ ሁለተኛው አልቋል» ብላ ትጽፍልኛለች፤ «እሺ» እላታለሁ። ቀኑን ሙሉ የሠራችውን ሳይ እውላለሁ፤ እሷን ግን ደረጃው ላይ ካልሆነ አላያትም። ሥራው እንደዚያ ፈጥኖልን አያውቅም። እኔ ግን እንቁላሏን ይዛ የምትቀመጥበትን ጥግ ዕቃ ሳላስቀምጥበት ባዶውን እተወዋለሁ።

ወር አለፈ። አንድ ዝናባማ ከሰዓት የእሷን ኬብል ከማከማቻው ነቀልኩት።

ትንሽ ቆይታ መጣች። «ተቋረጠብኝ እኮ። ምን ሆነ?»

«እንጃ፤ አየዋለሁ። እስኪ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ዓይኗ ግን ተንጠልጥሎ የቀረው ኬብል ላይ ዐረፈ።

«ነቅለኸው ነው?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ናፈቅሽኛ።»

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። «አባቴ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎታል» አለችኝ። «ፊልሙ እንዳለቀ ጠቅልዬ ሁዋሊየን እገባለሁ። ለአጎት ጁዋንግ ባለፈው ሳምንት ነግሬያቸዋለሁ።»

«ለእኔስ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሁለት ጊዜ በርህ ድረስ መጥቼ ተመለስኩ። ምን ብዬ ልግባ? ምንም የማመጣልህ ነገር አልነበረም።»

ኬብሉን አንስታ ራሷ ሰካችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ፊልሙ በግንቦት አለቀ። ሻንጣዋን ተሸክሜ እስከ ባቡር ጣቢያው ሸኘኋት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሁዋሊየን ሄጃለሁ። አባቷ «የኪሎንጉ ልጅ» ይሉኛል፤ በደህናው እጃቸው ዓሣ እየቆረሱ ሳህኔ ላይ ያስቀምጡልኛል። ሩዎላን እዚያ የሠርግ ቪዲዮ ትሠራለች። እንደማትመለስ ሳትደብቅ ነግራኛለች።

ባለፈው እሑድ ደውዬ፣ «እዚያ ለእኔ የሚሆን ሥራ ይገኛል?» አልኳት።

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«ጠያይቄ እነግርሃለሁ» አለች።

ዛሬ ሐሙስ ነው። እስካሁን አልደወለችም።