ጤነኛው ሶኬት

ኤሌክትሪሺያኑ ምንም ያልሆነውን ሶኬት በካቻቢቴ እየፈታ ነው። አጠገቡ ተንበርክካ የስልክ መብራት የምታበራለት የአሥራ አንድ ዓመት ልጁ ናት፤ ነገር ሁሉ በሕግ ይሁን ስለምትል ቤት ውስጥ «ዳኛዋ» ይሏታል።

«አባዬ፣ የተቃጠለ ነገር አይሸትም እኮ።»

«አንዳንዴ አይሸትም።»

ይህን ሲል ጆሮው ድረስ ጋለ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት መስመር ሲዘረጋ የኖረ ሰው ለገዛ ልጁ ይዋሻል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባትና ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጌም ይጫወታሉ። ሕጉን ያወጣችው ዳኛዋ ናት፦ አንድ አዲስ፣ አንድ ድጋሚ። አዲሱን እሷ ትመርጣለች፣ ድጋሚውን እሱ። እሱ ታዲያ ድጋሚ ሲባል ከኳስ ጌሙ ሌላ አያውቅም፤ ያንንም ከሁሉም በቀለለው ደረጃ፣ ዘጠኝ ለዜሮ እያሸነፈ። አዲሶቹ ላይ ልጁ በአምስት ደቂቃ ጥላው ትሄዳለች፣ እሱ በጌሙ መኪና ግድግዳ ሲገጭ ይውላል። ትልቅ ሰው በጌም መናደዱ ያሳፍራል። እሱ ግን ይናደድ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ብቻውን ተቀምጦ ዋንጫ በላ። ሴቭ ሊያደርገው ሲል ግን የጌሙ ማሽን ሜሞሪው ሞልቷልና አንዱን አጥፋ አለው። ሴቭ ተደርገው ከተደረደሩት ውስጥ በከተማ ግንባታ ጌም የተሠራው የልጁ ከተማ ነበረ፤ መንገዱን፣ ድልድዩን፣ ትምህርት ቤቱን ስምንት ወር ሙሉ አንድ በአንድ የሠራችው። አላውቅም ነበር ማለት አይችልም። «ልጅ አይደለች፣ መልሳ ትሠራዋለች» አለና ተጫነው።

ስትጠይቀው ደግሞ፣ «መብራት ከፍ ዝቅ ብሎ ነው ያጠፋው፤ ሶኬቱ ችግር አለበት» አላት። ሌላ ሰው ቢላት ትከራከር ነበር። ኤሌክትሪሺያን አባቷ ካለ ግን አለቀ።

ውሸቱ እዚያው የሚቀር መስሎት ነበር። ዳኛዋ ግን ከሶኬቱ በላይ «አደገኛ ነው፣ አትንኩ» የሚል ወረቀት ለጠፈች። ልብስ ሰፊዋ እናቷም የስፌት መኪናዋን ከዚያ ነቅላ ኮሪደር ወሰደች፤ ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ጭላንጭል ዓይኗን እያሻሸች ሰፋች።

አሁንም ድምጿ ከኮሪደሩ መጣ። «የሰውን ቤት በአንድ ቀን ትጨርሳለህ፣ የራስህ ሶኬት ሳምንት ፈጀ። ባለሙያ ልጥራልህ እንዴ?»

«እየጨረስኩ ነው።»

ዳኛዋ ጎንበስ ብላ ሽቦዎቹን አየች። «የኔ ከተማስ አንዴ ጠፍቷል፣ ይሁን። ያንተ ኳስ እንዳይጠፋብህ ብዬ ነው የፈራሁት። ዋንጫህን ሴቭ አድርገሃል አይደል?»

ካቻቢቴው እጁ ላይ ቆመ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ሶኬቱ ምንም አልሆነም» አለ፣ ዓይኑን ከሽቦው ሳያነሳ። «ከተማሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ለዋንጫው ቦታ ፈልጌ።»

የስልኩ መብራት ከግድግዳው ወደ ፊቱ ዞረ።

«ሳታውቅ ነው?»

አዎ ቢላት ታምነዋለች። ያም ነው ይበልጥ ያሳፈረው።

«አውቄ ነው።»

ኮሪደር ያለው የስፌት መኪና ዝም አለ። ዳኛዋ አላለቀሰችም። ወረቀቷን ከግድግዳው ገንጥላ አራት ቦታ አጠፈችው።

«እኔ ዛሬ አዲስ አልመርጥም» አለች። «አንተ ድጋሚህን ተጫወት። ሕግ ነው።»

ሶኬቱን ገጠመ። የሚስቱን የስፌት መኪና ከኮሪደር ተሸክሞ ወደ ቦታው ሲመልስ ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ጌሙን ከፈተ። ኳሱ እንደ ልማዱ መጀመሪያ መጣ፤ አልፎት ወረደና የከተማ ግንባታው ጌም ላይ ቆመ።

«እሱን እኮ አትችለውም» አለች ዳኛዋ ከበሩ።

«አልችለውም።»

አዲስ ከተማ ጀምር የሚለውን ሲጫን ማሽኑ ሜሞሪው ሞልቷል፣ አንዱን አጥፋ አለው። ዋንጫው ላይ ሄዶ ተጫነው። እያየችው እንደሆነ ዞር ብሎ አላረጋገጠም።