የልብስ ሰፊው ፓስትሪ

ቤተሰቡ «ሜትሩ» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው። የልኬት ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ ከክራቫቱ ሥር ተገኝቶበት ሙሽሮቹ ሳይቀሩ ስቀዋል። በሠላሳ ዓመት ሥራው «ስፌትህ ተተረተረብኝ» ብሎ የተመለሰ ደንበኛ የለውም። ይህን የሚናገረው ራሱ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው ይናገረዋል።

ስለዚህ ሐሙስ ምሳ ላይ «እሑድ ቤተሰቡ እኛ ጋ ይሰበሰባል፤ ፓስትሪውንም የምጋግረው እኔ ነኝ» ሲል ባለቤቱ ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችው።

«አንተ? እንቁላል ለመቀቀል ሜትር የምታወጣው ሰውዬ?»

«እጄ ሐር የቆረጠ እጅ ነው። ሊጥ ያቅተዋል?»

ባለቤቱ የሒሳብ መምህርት ናት፤ ውጤቱ የታወቀ ነገር ላይ ክርክር አትወድም። «እሺ» አለች። «ሳሎኑ የእኔ፣ ኩሽናው የአንተ። ዝር አልልም።»

ነገሩ የፓስትሪ ብቻ አልነበረም። ይህ ቤተሰብ በየሦስት ወሩ አንድ እሑድ ይሰበሰባል፤ ልማዱን ያመጣችው ታላቅ እህቱ ናት። አባትና እናታቸው ባጭር ሲቀሩ እሱንና ታናሻቸውን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው እሷ ናት። ሁሉም «እትዬ» ይሏታል፤ በዕድሜ የሚበልጣት የአክስታቸው ልጅ እንኳ ሳይቀር። ዕድሜ ልኳን ዳቦ ቤት ስትጋግር የኖረች ሴት ናትና ለስብሰባው ሁልጊዜ ባለ አምስት ድርብ ኬክ ይዛ ትመጣለች። ደንቡንም ያወጣችው እሷ ናት፤ ኬኩ ላይ መጀመሪያ ቢላዋ ያሳረፈ ሰው የሚቀጥለውን ቤት ይሰይማል። ቤት ሳይሰየም ማንም አይበተንም። ልጆች ሳሉ ማን ይቁረጥ በሚል እንዳይጣሉ ያወጣችው ደንብ ነበር፤ ልጆቹ ሸበቱ፣ ደንቡ ግን እንዳለ ቀረ።

ከዘጠኝ ወር በፊት የእትዬ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ «አይገድልሽም፤ ግን አብሮሽ ይኖራል» አላት። በዚያ ሰሞን በነበረው ስብሰባ ኬኩን ይዛ ከኩሽና ስትወጣ እጇ ከዳት፤ አምስቱም ድርብ ምንጣፉ ላይ ተዘረገፈ። «ምንም አይደል! ምንም አይደል!» አለ ሰው ሁሉ ባንድ አፍ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ደግሞ ሁሉም ከእጇ መንጠቅ ያዘ። ብርጭቆ ስታነሳ «አምጪ እኔ ልያዝልሽ»፣ ሳህን ስትነካ «ተይው እትዬ»። ከሁሉም የባሰችው «ትንሿ» የሚሏት ታናሻቸው ነበረች። ትንሿ ነርስ ናት፤ ያን ቀን ሻይዋን በማንኪያ ልታጠጣት ምንም አልቀራት። እትዬ አልተቆጣችም። እጆቿን ሻርፗ ሥር ሸሸገች፣ ትንሽ ተቀመጠች፣ ተነሥታ ሄደች።

ቢላዋ ያሳረፈ አልነበረምና ቤት የሰየመም አልነበረም። አንዱ ተራ አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ስልክ ሲደወልላት «ደህና ነኝ፤ ስብሰባውን ግን እኔን ተዉኝ» ትላለች።

ሜትሩ ቻለው፣ ቻለው፣ በመጨረሻ አንጀቱ አልችል አለ። ይህ ሦስተኛው ተራ እንደ ሌሎቹ ዝም ተብሎ ካለፈ ስብሰባው በዚያው ይቀራል፤ እትዬም በሯን ዘግታ ብቻዋን ትቀራለች። ይህን ያህል ግልጽ ነበር። ለሁሉም ደወለ፤ ሁሉም እሺ አለ። እትዬ ብቻ «ብሉ፣ ጠጡ፣ ደስ ይበላችሁ» ብላ ዘጋችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ቀደም ብሎ ዘጋና ሱፐርማርኬት ገባ። ከፍሪዘር ሁለት ጥቅል የተዘጋጀ ሊጥ፣ ሁለት ዕቃ ክሬም ቺዝ የሚሉት የሚቀባ አይብ፣ ኮክና እንጆሪ ገዛ። ሻጯ «በጣም ቀላል ነው፤ ዘርግተህ፣ ቀብተህ፣ አጥፈህ መጋገር ነው» አለችው። ደስ አለው። ገበር ማስገባት ነዋ!

ኩሽናው ውስጥ ሲሠራ ላየው ሰው የሙሽራ ኮት የታዘዘ ይመስል ነበር። ጋዜጣ ቆርጦ ቅዱን አወጣ። ሊጡን ዘርግቶ በሜትር ለካ፤ ርዝመቱ አርባ፣ ወርዱ ሠላሳ። ክሬም ቺዙን በስኳርና በእንቁላል አስኳል መታው፤ የሎሚ ልጣጭ ፈቀፈቀበት፤ መሀሉን ቀባ። የኮኩን ቁራጭ እንደ ቁልፍ ረድፍ ደረደረ፤ በየመካከሉ እንጆሪ ጣል አደረገ። ከዚያ ሊጡን አጠፈው፣ ጠርዙን ደግሞ ሁለቴ አጠፈው፣ በእንቁላል ለጠፈው፣ በሹካ ዙሪያውን ረግጦ ዘመዘመው። እንኳን እንፋሎት ጉንዳን የማታልፍበት ስፌት ሆነ።

ኦቭን ውስጥ በገባ በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ እንደ ትራስ ተነፋ። ሜትሩ በመስታወቱ እያየ «አይ እጅ!» ብሎ ራሱን አመሰገነ። በሃያኛው ደቂቃ ጎኑ ጧ! ብሎ ፈነዳ። ክሬሙና የኮኩ ጭማቂ ኦቭኑ ወለል ላይ ፈሶ ይንጣጣ ጀመር፤ ጭሱ ተነሣ። ለባለቤቱ አልነገራትም። ሽታው ነገራት። እሷም ቃሏን ጠብቃ ኩሽና አልገባችም፤ ሳሎን ሆና ብቻዋን ሳቀች።

ሜትሩ ሰው ጠይቆ አያውቅም። ስልኩን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሣ።

«እትዬ፣ ፈነዳብኝ።»

«ምኑ?»

«ስፌቴ።»

ነገሩን ከመጀመሪያው ነገራት። ከዚያ «መተንፈሻ ተውክለት?» አለች።

«ስፌት ላይ ቀዳዳ ልተውልሽ?»

ስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ከዘጠኝ ወር ወዲህ የሰማው የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። «ጠዋት እመጣለሁ» አለች። «ለድግሱ እንዳይመስልህ። ቤትህን እንዳታቃጥል ነው። ሰዎቹ ሳይመጡ እሄዳለሁ።»

እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። ቦርሳዋን እግሯ ሥር አድርጋ ኩሽናው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እጆቿ ሻርፑ ሥር ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጥቅል ስታይ ፊቷን አጨፈገገች።

«የተገዛ ሊጥ!»

«ታዲያስ? ጨርቁንስ እኔ ነኝ እንዴ የምሸምነው?»

ተቀምጣ ታዘው ጀመር። ሊጡ ቀዝቃዛ ይሁን፣ እጅህ አያሙቀው። ኮኩን ወንፊት ላይ አድርገው፣ ውሃውን ይትፋ። ክሬሙን አታብዛ፣ አንድ ጣት ከጠርዙ ራቅ። ሜትሩ እንደ ተለማማጅ ታዘዘ፤ ቀባ፣ ደረደረ፣ አጠፈ፣ ዘጋ። ኦቭኑ ግሏል።

«አሁን ከላይ ሰባት ቦታ ቀደድ ቀደድ አድርገው» አለች።

ቢላዋውን አነሣ። እጁ ፓስትሪው አጠገብ ደርሶ ተመለሰ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ተመለሰ።

«እትዬ፣ የተዘጋ ስፌት ላይ ስለት አላሳርፍም። አልችልም፤ እጄ እሺ አይልም።»

ዓይኗ ጠበበ። «ልታዝንልኝ ነው?»

«ኧረ ማዘን የት አለ! ሊጡ እየቀለጠ ነው!»

እውነቱን ነበር፤ ላብ አጥምቆታል። እትዬ ትንሽ አየችውና ቀኝ እጇን ከሻርፑ ሥር አወጣች። እጇ ይንቀጠቀጣል። ቢላዋውን ተቀበለችው፤ ጫፉም ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሜትሩ ልያዝልሽ የሚለው ቃል ምላሱ ላይ መጣበት፤ ዋጠው። ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ከተተና ቆመ። ሰባት ቅድ ለመቅደድ ረዥም ጊዜ ወሰደባት።

«እንዴት ነው?» አለች ስትጨርስ።

ጎንበስ ብሎ በሙያው ዓይን አየው። «ጠማማ ነው» አለ። «ሦስተኛው ደግሞ ብሶበታል። ግን ጠርዙን አልነካሽውም፤ ሁሉም ተከፍቷል። ሥራውን ይሠራል።»

እትዬ ቀና ብላ አየችው። በዘጠኝ ወር ውስጥ ስለ እጇ ያልተሸነገለችው ያን ጊዜ ብቻ ነበር። «ጠማማ» አለች ለራሷ። ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች። «በል አስገባው፣ አፈኛ!»

በዚህኛው ጊዜ ምንም አልፈነዳም። ፓስትሪው ተነፋ፣ ቅዶቹ ተከፈቱ፣ እንፋሎቱ በሰባቱም ወጣ፣ ኮኩ ብቅ ብሎ ታየ። አውጥተው አቀዘቀዙት፤ መክተፊያ እንጨት ላይ አደረጉት፤ ዱቄት ስኳር ነሰነሱበት። እትዬ ሰዓቱን አየች፤ ቦርሳዋን አንሥታ ተነሣች።

በሩ ተንኳኳ። ትንሿ ነበረች፤ የሆስፒታል ሰው ስለሆነች ሁሌ ግማሽ ሰዓት ቀድማ ትመጣለች። ከኋላዋ የአክስታቸው ልጅ ከነሚስቱና ከነልጅ ልጆቹ ነበር።

«እትዬ! መጣሽ!» ትንሿ ሮጣ አቀፈቻት። በዚያው ቅጽበት ቦርሳዋን ከእጇ ወሰደች። «አምጪ እኔ ልያዝልሽ።»

የእትዬ ፊት ሲዘጋ ሜትሩ አየ።

«ትንሿ» አለ። «ቦርሳዋን መልሺላት።»

«ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?»

«መልሺላት አልኩሽ። መሄድ ከፈለገች ይዛው ትሂድ።»

ትንሿ ግራ እንደገባት መለሰችላት። እትዬ ቦርሳዋን ይዛ በሩን አየች፤ ፓስትሪውንም አየች።

«ሳሎን ማን ያደርሰዋል?» አለች።

«አንቺ ካልሆንሽ እኔ።»

ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና መክተፊያውን አነሣች። ከኩሽናው እስከ ሳሎኑ ጠረጴዛ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። እንጨቱ ይንቀጠቀጣል፤ ስኳሩ ወለሉ ላይ ይበንናል፤ ቤቱ ሙሉ ሰው ገለል ብሎ መንገድ ለቋል። ትንሿ ልትደግፋት ስትል ሜትሩ የእጅጌዋን ጫፍ በሁለት ጣቱ ያዘ። ጠረጴዛው አጠገብ እንጨቱ ዘመም አለ፤ አንድ የኮክ ቁራጭ ተንሸራቶ ጨርቁ ላይ ወደቀ። እትዬ አቃናችው፣ አስቀመጠችው። የወደቀውን ኮክ አንዷ የልጅ ልጅ አንሥታ በላችው፤ «ይጣፍጣል» አለች።

ሁሉም ተቀመጠ። ትንሿ ቢላዋውን ለሜትሩ አቀበለችው። «የጋገርከው አንተ ነህ፤ አሳርፍና ቤት ሰይምልን።»

ሜትሩ ቢላዋውን ተቀብሎ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠው። «ቢላዋውማ ጠዋት አርፏል» አለ።

«በማን እጅ?»

ሰባቱን ቅዶች በጣቱ አሳያቸው። «እስኪ እዩአቸው። እኔ እንዲህ አጣምሜ ቆርጬ አውቃለሁ?»

መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ ነበረች፤ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ደንቡ የራሷ ነው፤ መውጫ የለውም። ሁለቱንም እጆቿን ከሻርፑ ሥር አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው። ሁሉም ሲንቀጠቀጡ አያቸው፤ መልሳ አልሸሸገቻቸውም።

«እኔ ጋ» አለች። «በሦስት ወር፣ እኔ ጋ። ሊጡን ገዝታችሁ ኑ፤ ከእንግዲህ አላቦካም። መቁረጡን ግን ለማንም አልሰጥም።»

ትንሿ «እትዬ፣ ብቻሽን እንዴት...» ብላ ጀመረችና አፏን ዘጋች። ወንድሟን አየች፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን እጆች አየች። ከዚያ ቢላዋውን አነሣችና እጀታውን ወደ እትዬ አዙራ አቀበለቻት።

«በይ እንግዲያው ቁረጪልን» አለች። «ራበን እኮ!»