ጥርሳቸውን የሚፈልጉ እንግዶች

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ጆላይን በሟች እናቷ ምድጃ ፊት ቆማ ስኳርና የበቆሎ ሽሮፕ ታማስል ነበር።

ቀብሩ ነገ ነው። ከቀብር መልስ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ለሚቀርበው ምሳ የሟች ቤተሰብ እጁን ወደ ድስት አይሰድም፤ የሚያበሉት የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ሴቶች ናቸው። ጆላይን ግን ጠዋት ለማኅበሩ ኃላፊ ለወይዘሮ አርዲት ደውላ አንድ ትሪ እንዲፈቀድላት ለምና ነበር። ወይዘሮዋ ትንሽ ከሆነች ግድ የለም ብለው ስልኩን ዘጉ።

"ዓይንሽን ከድስቱ እንዳታነሺ" አለች የእናቷ እህት ቨርና፣ እንደ ፈንዲሻ የተነፋውን ሩዝ በኩባያ እየሰፈረች። "የመጀመሪያዋ አረፋ ብቅ ስትል ታወርጂዋለሽ። እሳት ማብዛት የቤተሰባችን ሙያ አይደለም፤ ያንቺ ብቻ ነው።"

ሳሎን የተቀመጡት ሁለት ጎረቤቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝር አላለችም የሚለው ግን ወጥ ቤት ድረስ ተሰማ።

እውነት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በአባቷ ቀብር ጆላይን ይህንኑ የለውዝ ቅቤና የሩዝ ጣፋጭ ሠርታ መጥታ ነበር። መጋገሪያ ውስጥ ሳይገባ የሚሠራ ጣፋጭ ስላላሳመናት፣ ጥንቃቄ መስሏት ስኳሩን ሁለት ደቂቃ ሙሉ አንተከተከችው። ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ሆነ። ለአርባ ዓመት በየሰው ለቅሶ ይህን ጣፋጭ ስታደርስ የኖረችው እናቷ ማርሊስ በቢላ ሞከረችው፤ እንቢ አላት። ትሪውን ከጠረጴዛው አንሥታ ወለሉ ላይ አኖረችና "የመጡት እንግዶች ጥርሳቸውን ይፈልጉታል" አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ማርሊስ ባሏን በቀበረችበት ቀን ሰው ማሳቅ በመቻሏ ራሷም የተደነቀች ትመስል ነበር። ጆላይን የሰማችው ግን ሳቁን ብቻ ነው። የዚያኑ ዕለት መኪናዋን አስነሥታ ወደምትኖርበት ሚኒያፖሊስ ተመለሰች።

እናቷ ሦስት እሑድ ተከታትላ ደወለች። ጆላይን ስሟን በስልኩ ላይ እያየች እስኪያቆም ጠበቀች፤ በአራተኛው እሑድ ስልኩ አልጮኸም። ባለፈው ሰኞ ማርሊስ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ ሆስፒታል ስትገባ፣ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አጠገቧ የነበረችው ቨርና ናት። ጆላይን የደረሰችው እናቷ ከሞተች ከሦስት ሰዓት በኋላ ነበር።

አረፋው ብቅ አለ። ጆላይን አየችው፤ ማማሰሏን ግን አላቆመችም። ቨርና ከወንበሯ ተነሥታ ድስቱን ራሷ አወረደችው። የለውዝ ቅቤውን ጨመሩ፣ ሩዙን ለወሱበት፣ ትሪው ላይ ገለበጡት። ቸኮሌቱ በትኩስ ውሃ ላይ ቀልጦ ተራውን ይጠብቃል።

ጆላይን በጡጫዋ ትጠቀጥቀው ጀመር።

"ቀስ" አለች ቨርና። "ከተጠቀጠቀ ይደርቃል። ዳበስ፣ ዳበስ ነው እንጂ።"

ጆላይን ቀና ሳትል ጡጫዋን ትሪው ላይ አሳረፈች።

"አክስቴ፣ ሰኞ አብረሻት ነበርሽ። አፏ እንዳልተያዘ ነርሷ ነግራኛለች። ስለ እኔ ያለችውን ንገሪኝ። ክፉም ቢሆን ንገሪኝ።"

ቨርና ትሪውን ለመቀባት ከቀረበው የላም ቅቤ በጣቷ ጫፍ ቆነጠረች። የእህቷን ልጅ ጡጫ በሁለት እጇ ይዛ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታቻቸው፤ መዳፏን እንዳይጣበቅ ቅቤ ቀባችው፤ ከዚያም መልሳ ትሪው ላይ አስተኛችው። "ክፉ አልወጣትም፤ በይ አሁን ዳበስ አድርጊው" አለች።