ለመስቀል የተለቀለቀው ግድግዳ

ዘመድኩን የአጎቱን ቤት በቅርስነት ለማስመዝገብ ያላንኳኳው በር አልነበረም። ቡታጅራ ውስጥ ስለዚያ ቤት ያልሰማ ሰው ካለ ጆሮው የተደፈነ ብቻ ነው። አማርኛ ለሚያስተምራቸው ልጆች አውርቷል፤ ሬዲዮ ላይ ቀርቧል፤ ወልቂጤ ድረስ እየተመላለሰ ደጅ ጠንቷል። ሠርግ ቤት እንኳ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ይዞ ስለ ግድግዳው ሲያስረዳ የቀረበለት ክትፎ ይቀዘቅዝበታል። ለአንድ ሰው ብቻ አልነገረም፤ እዚያው ቤት ውስጥ ለምትኖረው ለእናቱ። ለእናት ደግሞ ምን ይነገራል? ታውቀው የለ!

ቤቱ ከከተማው ዳር ያለ፣ ጓሮው እንሰት የሆነ፣ ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤት ነው። ለማያውቀው ሰው ከጎረቤቶቹ የሚለይበት ነገር የለውም። ነገር ግን ገጣሚው ገብረወልድ የተወለደው እዚያ ነው፤ አዲስ አበባ እየኖረ በየዓመቱ ለመስቀል የሚመለሰውም እዚያው ነበር። ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም። ያለችው ታናሽ እህቱ ወለተ ሐና፣ የዘመድኩን እናት ብቻ ነበረች። እሷም መስቀል ሲቃረብ የአገሩ ሴት ሁሉ እንደሚያደርገው ቤቱን ከዳር እስከ ዳር በጭቃና በእበት ትለቀልቃለች፣ በነጭ አፈር ትቀባለች። ገብረወልድ መጥቶ ክፍሉ ሲገባ ያን ንጹሕ ግድግዳ አይቶ ዝም ማለት አይሆንለትም። ከምድጃው ከሰል ያነሣና የዓመቱን ግጥም ይጽፍበታል። በዓመቱ እሷ ትለቀልቀዋለች፣ እሱ ሌላ ይጽፋል። ሁለቱም በዚህ ተከፍተው አያውቁም። እንዲያውም እሱ "መጽሐፌን የምታጥብልኝ እህት አለችኝ" እያለ ይስቅ ነበር።

የመጨረሻውን ግጥም የጻፈ ጊዜ ታሞ ነበር። ሲጨርስ ፊደል ላልቆጠረችው እህቱ አነበበላት፤ ሁለቱን ስንኞች እሷም በቃሏ ያዘቻቸው።

ለከርሞ ባልመጣ፥ በሩን አትዝጊው፤
እንግዳ ሲመጣ፥ ወንድሜ በዪው።

ለከርሞ አልመጣም። ግጥሙ በየትም አልታተመም፤ ያለው እዚያ ግድግዳ ላይ ብቻ ነበር። ሰው ፎቶ አንሥቶ በየስልኩ ተቀባበለው። ግጥም ወዳዱ ሁሉ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ እየመጣ፣ ግድግዳው ፊት ቆሞ እንባውን እየጠረገ ይሄድ ጀመር። ወለተ ሐናም እንደታዘዘችው ወንዱን "ወንድሜ"፣ ሴቷን "እህቴ" እያለች ታስገባለች። በዚህ መሃል የመንገድ ማስፋፊያው ወሬ መጣ። ቤቱ በቅርስነት ካልተመዘገበ መንገዱ በላዩ ላይ ያልፋል። እንዲመዘገብ ደግሞ ኮሚቴ መጥቶ ጽሑፉን በዓይኑ ማየት አለበት። ፎቶማ ማንም ያቀናብራል፣ አሉ የቅርስ ቢሮ ሰዎች።

ኮሚቴው ከመስቀል በፊት ባለው ሰኞ እንደሚመጣ የተነገረው ዕለት ዘመድኩን በደስታ ሰክሮ እናቱ ጋ ደወለ።

"እማዬ፣ ሰኞ ትልልቅ እንግዶች ከአዲስ አበባ የአጎቴን ቤት ሊያዩ ይመጣሉ። ተዘጋጂ!"

ተዘጋጂ! ያችን ቃል ዋጥ ቢያደርጋት ምን ነበረበት? ወለተ ሐና ከወንድሟ ሞት ወዲህ ሐዘን ነው ብላ ግድግዳውን ሳትነካ መስቀልን ስታሳልፍ ቆይታለች። ጎረቤት ሲያማት ችላ ነበር። የአዲስ አበባ እንግዳ በወንድሟ ቤት ጥላሸት ሊያይ ነው ሲባል ግን አልቻለችም። እንግዳውን ወንድሜ በዪው ብሏት የለ? ለወንድሟ የምታደርገውን አደረገች።

ሐሙስ ከሰዓት ዘመድኩን ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሲመጣ እናቱ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና ደጃፍ ላይ አገኛት። ፊቷ በርቷል።

"ና እስቲ እየው የኔ ልጅ! እሱ የሚመጣ አላስመሰልኩትም?"

ገባ። ግድግዳው ነጭ ነበር። ከጥግ እስከ ጥግ፣ ገና እርጥብ፣ የእጇ ጣቶች መስመር የሚታይበት ነጭ።

"ጽሑፉስ?" አለ።

"የቱ?"

"የአጎቴ ጽሑፍ!"

"ለቀለቅሁታ! ሁልጊዜስ እለቀልቀው የለ? ለእንግዳ ጥላሸት ላሳይ?"

ዘመድኩን እናቱ ላይ ጮኾ አያውቅም። ያን ቀን ጮኸ። ቤቱን አፈረስሽው፣ አጎቴን አጠፋሽው፣ ልፋቴን ሁሉ ገደል ከተትሽው፤ የተረፈውን መድገም ያሳፍራል። ወለተ ሐና መጀመሪያ ግራ ገብቷት አየችው። ቀስ እያለ ሲገባት ጭቃ የለበሱ እጆቿን ተመለከተች።

"እሱ ከእንግዲህ አይጽፍም እኮ" አለች፣ ለራሷ። "ሞቷል እኮ! ምን ነክቶኝ ነው?"

ከዚያ መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። "ወንድሜን በገዛ እጄ ቀበርሁት" እያለች ደረቷን ትመታ ጀመር። እህል ውሃ በአፌ አይዞርም አለች። ዘመድኩን የተናገረውን መልሶ መዋጥ ቢችል ይውጠው ነበር፤ ግን ያን ጊዜ እንኳ ከእናቱ ይልቅ የሚያየው ግድግዳውን ነበር።

በማግስቱ እህቱ ትርሲት ከጎረቤት ከተማ ከቆሼ መጥታ ወሰደቻት። "እስክትረጋጋ እኔ ጋ ትቆይ። አንተም ምላስህን ሰብስብ" ብላው ሄደች። ዘመድኩን ሚኒባሱ ሲርቅ ቅልል አለው። ብቻውን መሆን ፈልጎ ነበርና።

ለመስቀል በመጣ ቁጥር ፊደል ያስቆጠረው አጎቱ ራሱ ነው፤ የእጅ ጽሑፋቸውም አይለይም። ገብረወልድ በሕይወት ሳለ "እኔ ስሞት ይሄ ልጅ በስሜ ፈርሞ ይበላል" እያለ ያሾፍበት ነበር። እሑድ ጎረቤቱ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ዘመድኩን በሩን ከውስጥ ቆለፈ፤ የግድግዳው ፎቶ ያለበትን ስልክ ወንበር ላይ አስደግፎ ከሰል አነሣ። ቤቱን ለማዳን ነው፣ አለ። ቃሉ የአጎቴ ነው፣ እኔ የምጨምረው አንዲት ፊደል የለም፣ አለ። መጀመሪያ በየፊደሉ ፎቶውን እያየ ጻፈ። ጥቂት መስመር እንደሄደ ፎቶውን ማየት ተወ፤ ከሁሉ ያስፈራው ይሄ ነው። ሲጨርስ እርጥብ እንጨትና የደረቀ የእንሰት ቅጠል ክፍሉ ውስጥ አጨሰ፤ ነጩ እስኪጠይም፣ የእበቱ ሽታ እስኪጠፋ። ዓይኑ እንባ በእንባ ሆነ። ጢሱ ነው፣ አለ፤ ማንም አልጠየቀውም።

ሰኞ ኮሚቴው መጣ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ኑኃሚን የገብረወልድን ግጥሞች ከልጅነቷ ጀምሮ የምትወድ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ግድግዳው ፊት ቆማ ከላይ እስከ ታች በሹክሹክታ አነበበች። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች።

"ፎቶው ላይ እንዲህ አያስለቅስም" አለች። "እጁ እዚህ ነው ያለው።"

ዘመድኩን ጣቶቹን ኪሱ ውስጥ ደበቀ። ወረቀቱ ወጣ፤ ልትፈርም ነው። ይህን ጊዜ ደጃፉ ላይ የእግር ኮቴ ተሰማና ወለተ ሐና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ትርሲት ከኋላዋ ላብ በላብ ሆና "እምቢ አለችኝ፣ ምን ላድርግ?" አለች።

"እንግዶቼ፣ ይቅርታ ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት" አለች ወለተ ሐና አንገቷን ደፍታ። "ከሩቅ የመጣችሁበትን እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ልጄን እንዳትቀየሙት..."

ቀና ስትል ግድግዳውን አየችው።

ማንበብ ባትችልም እያንዳንዱ መስመር የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያልቅ ታውቀዋለች። ከዚያ ቤቱን ያናወጠ እልልታ ለቀቀች።

"ጻፈው! መልሶ ጻፈው! ሐሙስ ዕለት በእነዚህ እጆቼ ለቅልቄው ነበር እኮ! እዩት፣ ነጩ አፈር አሁንም ጥፍሬ ውስጥ አለ! ይቅር አለኝ፤ ወንድሜ ይቅር አለኝ!" ተንበርክካ ግድግዳውን ሳመችው።

የኮሚቴው ሰዎች ተያዩ። የወይዘሮ ኑኃሚን እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። መጀመሪያ የአሮጊቷን ጥፍር፣ ቀጥላ ግድግዳውን፣ በመጨረሻም ዘመድኩንን ተመለከተች።

"ምን ማለታቸው ነው?"

ዘመድኩን የእናቱን ፊት አየ። ከአጎቱ ሞት ወዲህ እንዲህ ያለ ደስታ አይቶባት አያውቅም። እውነቱን ቢናገር ቤቱም የእናቱም ደስታ አብረው ይፈርሳሉ። ዝም ቢል ዝምታው ራሱ ይናገርበታል። የቀረችው መንገድ አንዲት ነበረች፤ አስቀያሚ መሆኗን እያወቀ ገባባት።

"የለቀለቀችው ሳሎኑን ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አጎቴ ካረፈ ወዲህ ትንሽ..." ጣቱን ወደ ጭንቅላቱ አስጠጋ።

የወይዘሮ ኑኃሚን ፊት በሐዘኔታ ላላ። "አይዞህ። እኔም እናቴን የማስታምመው እንዲሁ ነው" አለችና ፈረመች። ወለተ ሐና ግን ጣቱ የት እንዳረፈ አይታለች። ከተንበረከከችበት ቀስ ብላ ተነሣች።

"ዘመድኩን፣ ሐሙስ ጮኸህብኝ አልነበር እንዴ?"

"መቼ እማዬ? እኔ አንቺ ላይ መቼ ጮኼ አውቃለሁ?"

ትርሲት አፏን ከፈተች። ወንድሟ አተኩሮ ሲያያት መልሳ ዘጋችው።

እንግዶቹ እጁን ጨብጠው፣ እንኳን ደስ ያለህ ብለው ሄዱ። ዘመድኩን ሸኝቷቸው ሲመለስ እናቱ ማድቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። በእንጨት ስንጥር ጥፍሯን እያጸዳች ነበር፤ ሲገባ አላቆመችም።

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ" አለችው። "ሌላ አልጠይቅህም። ለቅልቄው ከሆነ ወንድሜ ተመልሶ መጥቷል፤ ይቅር ብሎኛል። ካለቀለቅሁት ጭንቅላቴ ሄዷል። የቱ ነው የኔ ልጅ? አንተ የተማርህ ነህ፤ አንተ የምትለኝን አምናለሁ።"

እኔ ነኝ የጻፍሁት እማዬ፣ ሊላት ነበር። ግን ያውቃታል፤ እናቱ ምሥጢር መያዝ አታውቅበትም። ነገ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ወንድሜ፣ እህቴ እያለች ትነግረዋለች። የተፈረመው ወረቀት ደረት ኪሱ ውስጥ ነው።

"አልለቀለቅሽውም እማዬ" አላት።

ወለተ ሐና ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ስንጥሩን ምድጃው ውስጥ ጣለችውና መቀነቷን መፍታት ጀመረች። ከቋጠሮው ውስጥ ክብሪቷን አወጣች።

"እንግዲያው ይሄን ያዘው" አለችው። "እጇ የሠራውን የማታውቅ ሴት እሳት አይሰጣትም። የወንድሜን ቤት እንዳላቃጥለው።"

ዘመድኩን እጁን ዘርግቶ ተቀበላት።