የቶርኪል መሪ

የሰው ልጅ ማለዳ የሚያቅደውንና ሲመሽ የሚያገኘውን ባንድነት የሚያይ እግዚአብሔር ብቻ ነው። በእርሱ ዘንድ የተሰወረ ሰዓት የለምና፣ በሆብሮ ከተማ ነፋስ ከባሕሩ ሰርጥ እየተነሣ መስኮቱን ሁሉ ሲደበድብ የዋለበት ያ የመጋቢት ቅዳሜም ከመምጣቱ አስቀድሞ በፊቱ የተገለጠ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን ቀኑን ያወቁት፣ እንደ ሰው ሁሉ፣ ከደረሰባቸው በኋላ ነው።

ኮምፒውተሩ ቀጭ ብሎ ጠፋ።

“ይኸው ደግሞ ሞተ!” አለ አስገር፣ ወለሉ ላይ እንደ ተንበረከከ፣ ካቻቪቴውን ከጥርሱ ሳያወጣ።

“ከወደቡ በር እንኳ አልወጣሁም” አለ ቶርኪል፣ ከጨዋታው መሪ ፊት ካለው ወንበሩ ላይ። “ዕድሜዬን ሙሉ ስነዳ እንዳንተ ያለ መካኒክ አልገጠመኝም።”

“መካኒክ ብትጠራ መካኒክ ይመጣልህ ነበር። እኔን ጠራህ፣ እኔ መጣሁ።”

“ማን ጠራህ? ቦዲል ናት የጠራችህ።”

ሁለቱም ለአንድ ድርጅት ሲነዱ ያረጁ የጭነት መኪና ሾፌሮች ናቸው። ከሂርትስሃልስ ወደብ ዓሣ ጭነው፣ ጀርመንን አቋርጠው፣ ሰንሰለታማውን ተራራ ተሻግረው ቬሮና ከተማ ያራግፉ ነበር። ቶርኪል ጡረታ በወጣ በዓመቱ ስትሮክ መታው፤ ግራ እጁና ግራ እግሩ ደከሙ። ከዚያ ወዲህ የቀረለት መንገድ በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ያለው ብቻ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ የድርጅቱ ጡረተኞች በየቤታቸው ከመሪና ከፔዳል ፊት ይቀመጣሉ፤ በጆሮ ማዳመጫ እየተነጋገሩም፣ ተከታትለው፣ የዱሮውን ጉዞ ይጓዛሉ። ለዛሬው ጉዞ ፊት ሆኖ እንዲመራ የተመረጠው ቶርኪል ነበር።

ነገር ግን ጨዋታው በዚያው ሳምንት ታደሰ። ዝናቡ መስተዋት ላይ የሚንጠባጠብ፣ በረዶው የሚያብረቀርቅ ሆነ፤ ሚስቱ ቦዲል ከሱፐርማርኬት በቅናሽ የገዛችው ኮምፒውተር ግን ያን ሁሉ ምስል መሸከም አቃተው። መንገዱ በአልበም እንደ ተለጠፈ ፎቶ እየተቆራረጠ ይመጣ ጀመር። ያን ጊዜ ቶርኪል፣ “ቅዳሜ ካልመራሁ መሪውን ንቀሉና ለፈለጋችሁት ስጡት” ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ።

ቦዲል ይህን ለአስገር የነገረችው በሩ ላይ ቆማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። “ጢሙን የሚላጨው ለቅዳሜ ነው፤ ከአልጋ የሚነሣውም ለቅዳሜ ነው። ይህም ከቀረበት፣ አስገር፣ እኔ ብቻዬን አላነሣውም።”

ስለዚህ አስገር ምስሉን የሚሠራውን ግራፊክስ ካርድ፣ ሰው የተጠቀመበትም ቢሆን ጉልበት ያለውን፣ ፈልጎ ገዛና በዚያ ጠዋት ገጠመው። ካርዱም ሠራ። ምስሉ ጠርቶ ወጣ፤ የወደቡ ክሬኖች፣ የዝናቡ ጠብታ፣ ሁሉም ታየ። ነገር ግን ቶርኪል ነዳጁን ረገጥ ባደረገ ቁጥር ኮምፒውተሩ ይጠፋል።

“ካርዱ ጤነኛ ነው” አለ አስገር፣ ጉልበቱን እያሻሸ ሲነሣ። “የራበው ነው። ኤሌክትሪኩን ከግድግዳ ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ አቅም የለውም። በትንሽ ሞተር ላይ ሁለት ተሳቢ ቀጥለንበታል።”

“ሳትቀጥልበት አይታሰብም ነበር?”

“አንተ ሃምቡርግ ላይ ከድልድዩ ሥር ስትገባ ከፍታውን አስበህ ነበር?”

“እሱን ተው!”

“ጣሪያውን እንደ ሰርዲን ቆርቆሮ ከፍተህ የወጣኸው…”

“ተው አልኩህ እኮ!” ቶርኪል ሳቁን ለመደበቅ አገጩን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

ቦዲል ከወጥ ቤቱ በር ብቅ አለች። “እናንተ ሰዎች፣ የኮምፒውተር ሱቁ ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋል! ድልድዩን ነገ ትጨርሱታላችሁ።”

አስገር አቅም ያለው ፓወር ሰፕላይ ሊገዛ ኮቱን ሳይቆልፍ ወጣ። ሱቁ ወዳለበት ወደ ራንደርስ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዝናቡ በአግድም እየመታው፣ ቀርፋፋ መኪና ፊቱ በገባ ቁጥር መሪውን በጣቱ እየጠበጠበ ነዳ። ሱቁ ውስጥ ተራው እስኪደርስ ድረስ ከአንድ እግር ወደ ሌላው ሲቀያይር ቆየ። ሻጩ ረጋ ብሎ ስለ ኃይሉ መጠንና ስለ ገመዶቹ ሊያስረዳው ሲጀምር፣ “እሺ፣ እሺ፣ ገብቶኛል” እያለ ዕቃውን ከእጁ ወሰደ። ያልሰማው ነገር መኖሩን እርሱ ራሱ አላወቀም።

ሲመለስ ቶርኪል ጋደም ብሎ ነበር፤ ከምሳ በኋላ ካላረፈ አመሻሹን አይችለውም። ቦዲል ጥቁር ዳቦ በሄሪንግ ዓሣ አቅርባለት ነበር፤ አስገር አልነካውም። አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ፈታ፤ አዲሱን በቦታው አስገብቶ ብሎኖቹን አጠበቀ፤ ገመዶቹንም አንድ በአንድ መሰካት ጀመረ። ከአዲሱ ዕቃ ጋር የመጡ፣ መንትያ የሚመስሉ ሁለት ገመዶች ነበሩ፤ የሁለቱም አፍ ባለ ስምንት ቀዳዳ ነው። አንደኛው የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ሁለተኛው ግራፊክስ ካርዱን የሚመግብ ነው። አስገር ቀድሞ እጁ የገባውን አንሥቶ ካርዱ ላይ ሊሰካው ቢሞክር አልገባ አለው።

“እምቢ ካለህ ተወው” አለች ቦዲል፣ ባትሪ እያበራችለት።

“አዲስ ስለ ሆነ ነው፤ አዲስ ነገር ይጠብቃል።”

“ጫማም ሲጠብቅ እግር አይደለም የሚቆረጠው።”

“ብርሃኑን ወደዚህ አድርጊው እንጂ!”

በአውራ ጣቱ ገፋው። ገመዱ ጠጠር እንደ ሰበረ ጥርስ ቀጭ ብሎ ገባ። ማብሪያውን ሲጫነው ከካርዱ ላይ አንዲት ብልጭታ ዘለለች፤ ቀጭን ጢስም ወጣ፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

ከመኝታ ክፍሉ የቶርኪል ማንኮራፋት ይሰማል።

አስገር ገመዱን ነቅሎ ከመንትያው ጋር አስተያየው። የቀዳዳዎቹ ቅርጽ ለየቅል ነበር፤ ዐይን ላለው ሰው፣ ትዕግሥትም ላለው ሰው፣ ልዩነቱ ግልጽ ነበር። ትክክለኛውን ገመድ ሰክቶ እንደገና ሞከረ። ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ አዲሱ ፓወር ሰፕላይ ደኅና ነው። ካርዱ ግን አልተነሣም።

“ገደልኩት” አለ።

“ሌላ መግዛት አይቻልም?”

“ሱቆቹ ተዘግተዋል። ሰኞ እስኪሆን ድረስ በዚህ አገር የሚገኝ የለም።”

ቦዲል ባትሪውን አጠፋችው። “እንግዲህ ሲነቃ እኔ እነግረዋለሁ” አለች፤ ነገር ግን እግሯ ከቆመችበት አልተነቃነቀም።

አስገር ካቻቪቴውን በእጁ ሲያገላብጥ በቤቱ ያለው የራሱ ኮምፒውተር ትዝ አለው። እንዳለ ተሸክሞት ቢመጣ ቶርኪል ከሩቅ ያውቀዋል፤ አውቆም፣ ሾርባውን እንኳ ማንም ሳያጎርሰው በአንድ እጁ እየታገለ የሚበላ ሰው ነውና፣ የሰውን ዕቃ ለባለቤቱ መልሱ ይላል። በሣጥን ውስጥ የተሸሸገን ካርድ ግን ማን ያያል?

“ሳይነቃ እመለሳለሁ” አላት።

“የት ልትሄድ?”

“አንቺ ብቻ ጢሙን አስላጪው።”

በገዛ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ካርዱን ሲፈታ ከፊቱ መሪው፣ ፔዳሉ፣ ያረጀው ወንበሩ ቆመው ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የእርሱም ቅዳሜ ያው ነበረ። ግን ይህን አስቦ አልቆመም፤ ሰዓቱን እያየ ካርዱን በፎጣ ጠቀለለና ሮጠ። ቀይ መብራት ላይ ሲደርስ ፎጣውን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣ “በል እንጂ፣ በል እንጂ” አለው መብራቱን።

ሁለተኛው መግጠም በዝግታ ሆነ። ገመዱን አየ፤ አገላብጦ አየ፤ ሳይገፋው ገባ። ማብሪያውን ሲጫን ቦዲል ዐይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። ማራገቢያዎቹ ተነፈሱ፤ ምስሉ መጣ። አስገር የቶርኪልን መኪና ከወደቡ አስወጥቶ፣ ዝናብ በሚወርድበት ሰፊ መንገድ ላይ ነዳጅ ረገጠበት። አልጠፋም፤ መልሶም ወደቡ ውስጥ አቆመው።

ቶርኪል ተላጭቶ፣ የድርጅቱን አሮጌ ጃኬት ለብሶ፣ በከዘራው ተደግፎ መጣ።

“ያ ሬሳ ተነሣ?”

“ተነሥቷል። ቁጭ በልና ንዳው።”

“ምንድነው የሚሸተው?”

“ቦዲል ዳቦ አሳርራ ነው” አለ አስገር። ቦዲል በቶርኪል ትከሻ በኩል ያየችው አስተያየት ግን ዳቦ ከሚያሳርር እሳት የበለጠ ነበር።

ቶርኪል ማዳመጫውን ደፋ። ከድምፅ ማጉያው የጡረተኞቹ ጫጫታ ወጣ፤ ሪግሞር የምትባለው፣ በድርጅቱ ከወንዶቹ መካከል ብቻዋን ስትነዳ የኖረች ሾፌር፣ ከሁሉ በላይ ትጮኻለች። “መሪያችን መጣ! ዛሬ ሃምቡርግን በየት በኩል ነው የምናልፈው? ድልድዩ አሁንም አለ እኮ!”

“ከኋላ ሆነሽ ዝም በይ” አላት ቶርኪል፤ ድምፁም ከብዙ ወራት ወዲህ እንደዚያ ወፍሮ አያውቅም። ስም መጥራት ጀመረ። እያንዳንዱ ሲጠራ በጨዋታው ውስጥ የመኪናውን መብራት ብልጭ እያደረገ መለሰ። “አስገር!” አለ፤ ብሎም ዘወር አለ። “አንተ ምን ትሠራለህ እዚህ? ሂድ እንጂ ወደ ቤትህ!”

“ዛሬ እንኳ ይቅርብኝ። ወገቤን አሞኛል፤ ስንበረከክ ስለ ዋልኩ።”

“ትኩሳት ይዞህ እንኳ ቀርተህ አታውቅም።”

“እርጅና ነው።”

ቶርኪል ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ላይ አነሣ። “ተኝቼ ሳለሁ የተቃጠለ ነገር ሽታ ቀሰቀሰኝ። ከዚያ መኪናህ ሲወጣ ሰማሁ፤ ሲመለስም ሰማሁ። ስትሮክ የመታው ግራ እጄን ነው፤ ጆሮዬን አይደለም። ሱቅ በተዘጋበት ሰዓት ከየት አመጣኸው ካርዱን?”

አስገር ካቻቪቴውን ኪሱ ከተተ።

“ከየት አመጣኸው አልኩህ?”

“ከቤቴ።”

የቶርኪል ፊት ቀላ፤ ደኅናው እጁ መሪውን ትቶ ወደ ኮምፒውተሩ ማጥፊያ ሄደ፤ ጣቱም በላዩ ዐረፈ። “ፍታው። አሁኑኑ ፍታውና ይዘኸው ሂድ። እኔ የምታዝንልኝ ለማኝ አይደለሁም።”

“ቶርኪል…” አለች ቦዲል።

“አንቺ ዝም በይ። አውቀሽ ነበር።”

ከድምፅ ማጉያው ሪግሞር፣ “ምነው ቆምን? መሪ፣ መንገድ ተዘጋ እንዴ?” አለች።

አስገር በሩ አጠገብ ያለውን ትንሽ በርጩማ ስቦ ከወንበሩ በስተቀኝ አስቀመጠ፤ ግን አልተቀመጠበትም። “ሰማህ፣ አንተ ግትር” አለ። “እኔ ምንም አልሰጠሁህም። የገዛሁልህን በእጄ አቃጥዬ፣ የራሴን የቅዳሜ መኪና አቁሜ መጥቻለሁ። አሁን መኪና የለኝም። በዝናብ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ። አንተ ደግሞ መሪ ይዘህ ፊት ለፊቴ ደርሰሃል። ትጭነኛለህ ወይስ ታልፈኛለህ?”

በእነርሱ ዘመን፣ በዚያ ረጅም መንገድ፣ መኪናው ተበላሽቶ ዳር የቆመን ሾፌር አይቶ ያለፈ ሰው ነበረ። ስሙን ከዚያ ወዲያ የጠራው የለም፤ ወደ ማዕዱም የቀረበ የለም። ቶርኪል ይህን ሊዘነጋ አይችልም። ጣቱ ማጥፊያው ላይ እንዳለ የአስገርን እርጥብ ኮት፣ ያልተቆለፈ ቁልፉን፣ ጥቀርሻ የነካውን አውራ ጣቱን ተመለከተ። ነፋሱ መስኮቱን መታው። በምስሉ ውስጥ ከኋላው የተሰለፉት መኪናዎች መብራታቸውን አብርተው ይጠብቁ ነበር።

ጣቱን አነሣ። ማዳመጫውን ወደ ጆሮው መለሰ።

“አልተዘጋም” አለ ለሪግሞር። “ሰው እየጫንኩ ነው።”

ከዚያም ሳይዞር፣ በደኅናው እግሩ በርጩማውን ወደ ራሱ ጠጋ አደረገው። “ተቀመጥ” አለው አስገርን። “ሬዲዮውን ግን እንዳትነካ።”

መኪናውም ከወደቡ በር ወጣ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፦ በቤታችሁ የደከመ ቢኖር የሚደግፈው አይጥፋ፤ የሚደግፈውም ሲደክም ማረፊያ ይግኝ። እግዚአብሔር መውጣታችሁንና መግባታችሁን ይጠብቅ፤ በደጃችሁ የሚያልፈውን መንገደኛም ሳትሰለቹ የምታስገቡ ያድርጋችሁ። አሜን።