ከዲላ የሄደው ቀይ አፈር

ኸሊል ልጁን የቀበረው ደለል ላይ ነው። ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ልጁ ሙስአብ ዓሣ ሊጭን አባያ ሐይቅ ወርዶ የተሳፈረባት ጀልባ ተገለበጠች። ፍለጋው ቀናት ፈጀ። ሬሳውን ያገኘው ቦና የሚባል ዓሣ አስጋሪ ነው፤ ወንዙ ከሐይቁ ጋር በሚገናኝበት አፍ፣ ጭቃ ላይ። ዝናቡ የመኪናውን መንገድ ስለቆረጠው በእግር ነው የደረስነው። ሬሳው ዲላ ድረስ ተሸክመውት የሚሄዱት ዓይነት አልነበረም። አብረውን የመጡት ሼህ ነስሩ አዩትና፣ "እዚሁ ይቀበር፣ አሁኑኑ" አሉ።

እዚያ ደረቅ የሚባለው መሬት ወንዙ ከጌዴኦ ተራሮች አጥቦ ያመጣው ነው። ላዩ ሣር አብቅሏል። ሲረግጡት ግን ዝቅ ይልና እግር ሲነሳ ይመለሳል። ያንን አይቻለሁ። ግን የቀብር ሰዓት ነበር።

እኔ የኸሊል ሾፌር ነኝ፣ ከፈለኝ። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፣ አንድ ገልባጭ አይሱዙ ላይ አብረን ያረጀን ሰዎች ነን።

በጋ ገብቶ መንገዱ ሲደርቅ ተመለስን። የራስጌው ድንጋይ ስናቆመው ጉልበቴ ላይ ይደርስ ነበር። አሁን ቁርጭምጭሚቴን አያልፍም። መቃብሩ ላይ የነበረው አፈር ከሜዳው በታች ጎድጉዷል።

"ማን ነካው?" አለ ኸሊል።

"ማንም አልነካም" አለ ቦና። "መሬቱ ነው ጋሼ። እዚህ ሁሉ ነገር ይወርዳል። የኔ ጎጆም ይወርዳል። ሲወርድ ነቅዬ ወዲያ እተክላለሁ።"

"መቃብር ይነቀላል እንዴ?"

"እኔ ስለ ጎጆዬ ነው የነገርኩህ።"

ኸሊል ተንበርክኮ መዳፉን ዘረጋ። መቃብር ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይላል፤ ሰው እንዳይረግጠው፣ እንዳይጠፋም። ከዚያ በላይ መከመር በሙስሊሞቹ ዘንድ አይወደድም። ስንዝሩን ያኖረበት ቦታ አየር ነበር።

ዲላ ውስጥ ግቢ ሲጎደጉድ ቀይ አፈር ይደፋበታል፤ ይጠቀጠቃል፤ አለቀ። ቤታችን ሁሉ የቆመው እንደዚያ ነው፤ የምናውቀውም ይህንኑ ነው። በሳምንቱ አንድ ገልባጭ ሙሉ ቀይ አፈር ጭነን ወረድን። ጎማው በየደረሰበት ሰመጠ።

"ይቺ መኪና እዚህ ካደረች ለሷም ድንጋይ አምጡላት" አለ ቦና። ኸሊል እንኳ ሳቀ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

አፈሩን ደፋን፣ በአካፋ አስተካከልን፣ ጠቀጠቅን። ኸሊል ስንዝሩን ለካ። ልክ ሆነ። ቦና ጎጆ አደርን።

ጠዋት ስንወጣ በመቃብሩ ዙሪያ ጥርት ያለ ውሃ ተኝቷል። ዝናብ አልጣለም። ሐይቁም በጋ ስለነበር ሸሽቷል።

"ይሄ ከየት መጣ?" አለ ኸሊል።

"ከሥር" አለ ቦና። "ስትጫነው ነው የሚወጣው።"

ኸሊል የሰማው አልመሰለኝም። ውሃውን በእጁ እየጨለፈ ወዲያ ይደፋ ነበር።

ከዝናቡ በኋላ ስንሄድ አፈሩ ወርዷል። ጨመርን። ኸሊል ለካ፤ ስንዝር ሆነ። በሚቀጥለው ስንሄድ ወርዷል። የራስጌውም ድንጋይ ተውጦ ሌላ አቆምን። ኸሊል "አፈሩን ጎርፍ እያጠበው ነው" ብሎ ደመደመና ድንጋይ አስጫነኝ። ድንጋዩ ከአፈሩ ፈጥኖ ወረደ። በላዩ እንደገና አፈር ደፋን።

በዚያ ወራት ሬኮ ካለው የቡና ማጠቢያ ጭነት አመላልስ ነበር። ከጓሮው የቡና ገለፈት ይከመራል። አዲስ በተደፋበት ቁጥር ከሥሩ ውሃ ይወጣል፤ ክምሩም ይወርዳል። ሲደፋበት የከረመው የታችኛው ገለፈት አካፋ አይገባበትም። ቆሜ አየሁት። ስመለስ ጋቢና ውስጥ ለኸሊል ነገርኩት።

"አፈሩን የሚያወርደው ጎርፍ አይደለም። እኛ ነን። ያ መሬት በውሃ የተነፋ ነው። በጫንነው ቁጥር ውሃውን እየለቀቀ ይጨመቃል። ልጁንም ይዞት ይወርዳል።"

"ታዲያ ልተወው?"

"ተወው።"

"ከተውኩት ውሃ ይተኛበታል። ይጠፋል።"

"ከጫንከውም ይሰምጣል።"

"እኮ! የቱን ልምረጥ ከፈለኝ? አንተ ብትሆን የቱን ትመርጥ ነበር?"

ማርሽ ቀየርኩ።

ዘይቱና፣ የሙስአብ እናት፣ መቃብሩን አይታው አታውቅም። ወደዚያ የሚወስዳት አልነበረም። ከዚያ በተመለስን ቁጥር ግቢ በር ላይ ትጠብቃለች። ባሏን አትጠይቅም። እኔን ነው።

"ጋሽ ከፈለኝ፣ ይታያል?"

"ይታያል።"

"ከሩቅ ይታያል?"

"ከሩቅ አይታይም። ሲጠጉት ይታያል።"

ያኔ ውሸት አልነበረም። ስንዝር ነበራ።

ከዚያ ሐይቁ መጣ። አባያ እየሞላ መሆኑን ሁሉም ሲያወራ ሰንብቷል፤ በዚያ ዓመት ግን የቦናን ሰፈር ያዘ። ቦና ጎጆውን ነቅሎ ወደ ኋላ ሸሸና ለኸሊል ስልክ ደወለ። እኔ ከኸሊል አጠገብ ስለነበርኩ የቦናን ድምፅ ሰማሁት።

"ጋሼ፣ ውሃው ልጅህ ጋ ሊደርስ ነው። ዝናብ ከጀመረ እኔም አላገኘውም።"

ሼህ ነስሩ ተጠሩ። መቃብር እንዲሁ አይከፈትም። ሼሁ ብዙ ጠየቁ፤ ውሃው ምን ያህል እንደራቀ፣ መሬቱ እንዴት እንደሆነ። በመጨረሻ፣ "ውሃ የሚወስደው ከሆነ ማውጣት ይፈቀዳል። ግን ፍጠኑ፣ አጥንቱንም በክብር" አሉ።

ኸሊል እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ዘይቱና ቆማ ነበር የምታዳምጠው።

"አውጣልኝ" አለችው። "እዚህ፣ ዲላ፣ ከአባትህ ጎን አኑርልኝ። ሌላ ነገር ለምኜህ አላውቅም።"

"አወጣዋለሁ።"

"ባዶህን እንዳትመጣ፣ ኸሊል።"

"አወጣዋለሁ አልኩሽ።"

በዚያው ቀን አዲስ ከፈን ገዛች። ራሷ አጥፋ ለባሏ ሰጠችው። ዲላም መካነ መቃብሩ ውስጥ ጉድጓድ ተቆፈረ።

ስንደርስ ሐይቁ ከመቃብሩ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ላይ ነበር። ከመስጊድ የመጡ ጎረምሶች አሉ፣ ሼሁ አሉ፣ ቦና አለ። ጎረምሶቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው ጀመሩ።

በመጀመሪያ ቀይ አፈር ወጣ። ከሥሩ ድንጋዩ ወጣ፤ እያንዳንዱን ለይተን ወደ ዳር ከመርነው። ከድንጋዩ ሥር ደግሞ ቀይ አፈር። ወገብ ደረሱ፤ ቀይ ነው። ደረት ደረሱ፤ አሁንም ቀይ ነው። የዚያ አገር መሬት ግራጫ ነው። ግራጫው ጋ ሳንደርስ ልጁ ጋ አንደርስም። እየቆየ የሚወጣው ሁሉ ግን ከዲላ በእኔ መኪና የሄደ ነበር፤ ጠብቆ እንደ ሸክላ ሆኗል፤ ዶማ ያነጥራል።

ኸሊል ጎረምሶቹን አስወጥቶ ራሱ ገባ።

"አንተ አትችልም፣ ና ውጣ" አልኩት።

"የከመርኩት እኔ ነኝ።"

ጥቂት ከቆፈረ በኋላ ዶማው ድንጋይ ነካ። በእጁ ጠረገው። የመጀመሪያው የራስጌ ድንጋይ ነበር። እንዳቆምነው ቆሟል።

"ደረስን!" ብሎ ጮኸ። "ከፈለኝ፣ ድንጋዩ! ድንጋዩ ይኸው!"

ጎረምሶቹ "አላሁ አክበር" አሉ። ሼሁ ከፈኑን ከከረጢቱ አወጡ። እኔ ግን ወደ ታች እያየሁ ነበር። የነካው የድንጋዩን ጫፍ ነው። የድንጋዩ እግር ገና ከሥር ነው፤ ልጁ ደግሞ ከዚያም በታች የአንድ ሙሉ መቃብር ጥልቀት ወርዶ ነው ያለው። ቦናም ያንኑ አይቶ ኖሮ ቀና ብሎ አየኝ።

ውሃው ያኔ ጀመረ። ከሐይቁ በኩል አልመጣም፤ ከሥር ነው። መጀመሪያ የኸሊልን እግር ሸፈነ። በተቆረጠ ጀሪካን እየቀዳ አወጣው፤ እኛም ተቀብለን ደፋን። በቀዳን ቁጥር ከጎን ግራጫው ጭቃ እንደ ሊጥ እየፈሰሰ ገባ። ጉድጓዱ ከታች እየሰፋ፣ ከላይ እየተሰነጠቀ መጣ።

"ጋሼ ውጣ! ግድግዳው ይመጣል!" አለ ቦና።

"ተቀበል! ዝም ብለህ ተቀበል!" አለ ኸሊል።

"ኸሊል" አሉ ሼሁ፣ "ለሞተ ሰው ስትል እንድትሞት አልተፈቀደም። ውጣ።"

አልሰማም። ጀሪካኑን ጥሎ ድንጋዩን አቀፈ። ሊነቅለው ነበር። ድንጋዩ አልተነቃነቀም።

አንዱ ጎን ሲናድ ቦና በሆዱ ተኝቶ ኸሊልን በብብቱ ያዘው፤ እኔ የቦናን እግር፣ ጎረምሶቹ እኔን። ወጣ። ጫማዎቹ እዚያው ቀሩ። ዞረን ስናይ ጉድጓዱ ራሱን ዘግቷል። ላዩ ውሃ ነበር።

ኸሊል በባዶ እግሩ ቆሞ ቆየ። ጭብጡን ሲከፍት ቀይ አፈር ነበር።

"ልጄን የቀበረው ይሄ ነው" አለ። "ወንዙ አይደለም።"

ሼሁ ከፈኑን መልሰው አጠፉ። ሶላት እናድርስ አሉ፤ እነሱ ሲሰግዱ እኔ መኪናው ጋ ቆምኩ። ሲጨርሱ ኸሊል ወደ ድንጋዩ ክምር ሄደ።

"ይሄ ይጫን" አለ።

"የት ሊደርስ?" አልኩ።

"እዚህ አይቀርም። ከአሁን በኋላ ምንም አይጫነውም።"

ሁላችንም ጫንን፤ ሼሁም ጭምር። የወጣውን ቀይ አፈርም በአካፋ ሰብስበን ጫንን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመድረስ ተነሳን። መኪናዋ ዳገቱን እያቃሰተች ወጣች።

ዘይቱና የባለ መኪና ሚስት ናት። ባዶ አይሱዙና የጫነ አይሱዙ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ በድምፅ ትለያለች። ይህን ያሰብኩት ግቢው ጋ ስደርስ ነው። ያኔ ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሷ በነጭ ነጠላዋ ወጥታ ቆማለች፤ ሴቶች ከኋላዋ ናቸው።

"አመጣህልኝ" አለች። "ሰማሁት። ጭነት አለው።"

ኸሊል ከጋቢናው መውረድ አልቻለም። እኔ ወረድኩ። እሷ አልፋኝ ወደ ኋላ ሄደች፤ ጎማው ላይ ወጥታ ወደ ካሶኒው ውስጥ አየች።

"ጋሽ ከፈለኝ።"

"አቤት።"

"ይሄ ሁሉ ላዩ ላይ ነበር?"

"ግማሹ ነው። ግማሹ እዚያው ቀርቷል።"

"ይታያል?"

"አይታይም" አልኳት።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ወደ ካሶኒው ገባችና አንዱን ድንጋይ በሁለት እጇ አነሳች፤ ከብዷት ደረቷ ላይ ያዘችው። ከዚያ አቀበለችኝ። እኔ ተቀብዬ መሬት ላይ አኖርኩ። ሌላ አነሳች። ኸሊልም ወርዶ፣ በባዶ እግሩ፣ ከጎኔ ቆሞ መቀበል ጀመረ።