ሳልሮጥ መግባት

ድልድይ፣ ድልድይ በገበያ፣ አንድ ሰው፣ የቀረኝ አንድ ሰው ነው፣ እማማ ጠጋ ይበሉልኝ፣ አዎ ሦስተኛ ሆነው ነው፣ ወንበሩን እኔ አልሠራሁት። ድልድ... እዚህ ጋ ትንፋሼ ትቆረጣለች፣ ልቤ ነዳጅ እንዳነሰው ሞተር ይንተፋተፋል፣ ሹፌሩ በመስታወት አየኝ፣ ይየኝ፣ ፈገግ በል፣ ፈገግታ አየር አይፈጅም። ጠዋት ድኛለሁ ብዬዋለሁ። ዓመት ሙሉ ተኝቼ ተመልሼ ምን ልበለው። ቀላል ሥራ ፈልግ አለኝ ሐኪሙ፣ ልብህ ከባድ ነገር አይችልም፣ ዶክተር፣ ከሰባተኛ ክፍል ላቋረጠ ሰው ቀላል ሥራ የት ነው የሚሸጠው፣ ሳቀ፣ የምሬን እኮ ነው። ጥበቃ ልቀጠር ሄድኩ፣ ሌባ ብታይ ታባርራለህ ወይ፣ እጮሃለሁ፣ ለጩኸቱማ ውሻ አለን። እህቴ ደግሞ፣ አርፈህ ተኛ፣ እኔ እያለሁ ጦምህን አታድርም፣ ሳህኑን አልጋዬ ድረስ ስታመጣልኝ ግን ዓይኔን አታየኝም። አልተኛም። ለመተኛትማ መቃብር መች ጠፋ።

ሞላ። ረዳት ማለት ቆርቆሮውን በመዳፉ መቶ፣ መኪናው ሲነሳ ከጎኑ ሮጦ ዘሎ የሚገባ ነው፣ እጄ ልማዱን አልረሳም፣ ሳልገባ መታሁ። ጧ። ሹፌሩ ነዳ። እግሬ ሩጥ ይላል፣ ደረቴ እስቲ ሞክራት ይላል፣ መኪናው በሩን ከፍቶ ያለ ረዳት ሄደ፣ ሎተሪ አዟሪው ዕቃ ረስተው ሄዱ ብሎ ይንከተከታል፣ ሳቅ ወንድሜ፣ እስካሁን ቀረጥ የለውም። አልሮጥም። እጄን ኪሴ ከትቼ እንደ ባለፎቅ እሄዳለሁ። ከፊት ቆመ፣ ተሳፋሪው አንገቱን አስግጓል፣ ጥሩምባውን ለቀቀው፣ ይልቀቀው፣ የምጽአት መለከት ቢነፋም በእርምጃዬ ነው የምደርሰው።

አልዳንክም አይደል፣ አለኝ ሹፌሩ በሩ ጋ ስደርስ። አልዳንኩም፣ ላልድንም እችላለሁ፣ ግን ሥራው አልጠፋኝም፣ መጀመሪያ እገባለሁ፣ ከዚያ እመታለሁ፣ ከዚያ ትነዳለህ፣ ይሄ ማንን ይገድላል። ባለመኪናው እኮ መሮጥ የማይችል ረዳት እንዳታሳየኝ ብሎኛል። እሱ ራሱ መቼ ሮጦ ያውቃል። እማማ ከውስጥ፣ እናንተ ልጆች፣ እንሄዳለን ወይስ ሽማግሌ እንጥራ። ሹፌሩ መሪውን በጣቱ ይመታል፣ ማታ ከጠየቀህ ሮጬ ነው የገባሁት በለው። አልለውም፣ ጠዋት የዋሸሁት ይበቃኛል፣ ሥራ የምፈልገው ከነበሽታዬ ነው። ሹፌሩ ወደ መንገዱ አየ።

እንግዲያው እኔ እዋሽልሃለሁ፣ አንተ ግባ።